ፎቶዬን እስክመስል

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ቆሜ፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ፋርማሲስት በተናገረችው ነገር ክው አልኩ። የመጨረሻ ልጄ ሰላም ፊቷ በብጉር ተወርሮ ከሰው መሸሽ ከጀመረች ሰንብታለች፤ ሐኪም የጻፈላትን ወረቀት ይዘን ነው የሄድነው። ፋርማሲስቷ ካፕሱሉን እያሸገች፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ እንድትውጥ፣ በብዙ ውኃ እንድታወራርደው፣ ለውጡን ለማየትም ሁለት ወር ያህል እንድትታገሥ ነገረቻት። ቀጥላም «ከወተት ጋር ግን እንዳትወስጂው። ወተት መድኃኒቱን አስሮ ያስቀረዋል፤ ሰውነትሽ ውስጥ ሳይገባ አልፎ ይሄዳል» አለቻት። ሰላም ራሷን ነቀነቀች። እኔ ግን ምን አልሽ ብዬ አስደገምኳት። ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቃት ጆሮዬ የደከመ መስሏት ጮክ ብላ ነገረችኝ። ጆሮዬ ደህና ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኬሚስትሪ አስተምሬአለሁ፤ ካልሲየም ከምን ጋር እንደሚጣመር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጠመኔ ጨርሻለሁ። ይህችን አንዲት ነገር ግን ከራሴ ሆድ ጋር አገናኝቻት አላውቅም ነበር።

ከመድኃኒት ቤቱ ስንወጣ ሰላም ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት። ዓይኔ ግን ከመንገዱ ማዶ ሄዷል። አሁን የሞባይል መጠገኛ የሆነው ቤት ድሮ ፎቶ ቤት ነበር። በመስኮቱ ሙሽሮች፣ ወታደሮች፣ ጎፈሬያቸውን ያበጠሩ ጎረምሶች ተደርድረው መንገደኛውን ያዩት ነበር። ከዚያ ቤት የወጣች አንዲት ጉርድ ፎቶ ዕድሜዬን ልታሳጥረው ምንም አልቀራትም። ነገሩን እነሆ እጽፈዋለሁ፤ የሰዎቹን ስም ግን ለውጫለሁ። ለምን እንደለወጥኩት መጨረሻ ላይ ግልጽ ይሆናል።

ያን ጊዜ የምንኖረው ሐይቅ ነበር። ሐይቅ ከተማ ማለት ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወጣው አስፋልት ግራና ቀኝ የተደረደሩ ሱቆችና ሻይ ቤቶች ማለት ነበረች። ሻይ አስር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ አስራ አምስት። የሐይቁ ዓሣ በገመድ ተሰክቶ መንገድ ዳር ይንጠለጠልና የአውቶቡስ መንገደኛ በመስኮት ይከራከርበታል። የጥግ ሻይ ቤቱ ቴፕ ከጠዋት እስከ ማታ በአምባሰል ቅኝት ያላዝናል፤ ካሴቱ ሲያረጅ ዘፋኟ ጉንፋን የያዛት ትመስል ነበር፤ ቢሆንም ሰው አይጠግባትም። እኛ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ቴትሮን ሱሪያችንን ፍራሽ ሥር አንጥፈን አድረን፣ ጠዋት እንደ ተተኮሰ አድርገን እንለብስና በዚያ ጥግ እንቆማለን። ጫማችን የላስቲክ ኮንጎ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው እግር ይቀቅላል። ልጃገረዶች ከወፍጮ ቤት ሲመለሱ በዚያ ያልፋሉ። እኔ ታዲያ ሁልጊዜ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነበር የምቆመው።

ብጉሬ እንደ ሰው ብጉር አልነበረም። ጉንጬና አገጬ ላይ አተር የሚያህል፣ የሚያብጥ፣ የሚመግል ነገር ነበር፤ ተኝቼ ስገላበጥ ትራሱ ያመኛል። ያልሞከርኩት የለም። ቁርስ ሳልቀምስ የጠዋት ምራቅ ቀብቻለሁ፣ ሬት ለቅልቄአለሁ፣ በሎሚ አሽቼ ሌሊቱን ሙሉ ስቃጠል አድሬአለሁ። ጓደኞቼ ከተመኘሃት ልጅ ነው ይላሉ። ያገባ ይድናል የሚሉም ነበሩ፤ እንዲህ ዓይነት ፊት ይዞ ማን እንደሚያገባ ግን አይናገሩም። አንዳንድ ሴቶች ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እናቴን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እንድታሳየኝ መከሯት። በዚያ ዘመን ቦሩ ሜዳ ማለት የሥጋ ደዌ ማለት ነበር።

ይህ ሁሉ ግን የጎረምሳ ኃፍረት ነው፤ ሰው አይሞትበትም። ወደ ሞት ያስጠጋው የማትሪኩ ነገር ነው። ያኔ ወጣት ወንድ ለብሔራዊ ውትድርና ይፈለግ ነበር። አፈሳ ይመጣል፤ በገበያ ቀን፣ በለቅሶ ቤት፣ ኳስ ሜዳ ላይ። የማትሪክ ተፈታኝ የሆነ፣ የመፈተኛ ወረቀቱን ካሳየ፣ ፈተናው እስኪያልፍ ይተዋል። ተፈትኖ ያለፈ ይማራል። ያልተፈተነ ወይም የወደቀ የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። የጎረቤታችን የእትዬ ዘሃራ የበኩር ልጅ ሰይድ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ የተቀመጠ ልጅ፣ ባለፈው ዓመት ትምህርት አቋርጦ ንግድ በጀመረ በወሩ ከበርበሬ ተራ ታፍሶ ሄዷል። አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልመጣም።

ለመፈተኛው ወረቀት ጉርድ ፎቶ ያስፈልግ ስለነበር ደሴ ሄጄ ፎቶ አንሺው ጋሽ ንጉሤ ዘንድ ተነሳሁ። ጋሽ ንጉሤ ሽማግሌ፣ ዝምተኛ፣ ገራገር ሰው ነበሩ። ካሜራው ፊት አስቀምጠውኝ ፊቴን ትንሽ አዩት። ከሳምንት በኋላ ፎቶዬን ስቀበል እጄ ላይ የማላውቀው መልከ መልካም ልጅ አገኘሁ። ጉንጩ የሕፃን ጉንጭ ነው። ለካስ ጋሽ ንጉሤ አዝነውልኝ፣ ሳልጠይቃቸው፣ ኔጌቲቩ ላይ በቀጭን እርሳስ ብጉሬን አንድ በአንድ አጥፍተውታል። የሙሽሮችን ፊት የሚያሳምሩት በዚያ እርሳስ ነበር። ገንዘብም አልጨመሩብኝም። እኔ ሞኙም ደስ ብሎኝ ስድስቱንም ይዤ ሄድኩ፤ አንዱን ለራሴ አስቀርቼ የቀረውን ለትምህርት ቤቱ ሰጠሁ።

ከጥምቀት በኋላ የመፈተኛ ወረቀቱ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ፎቶው ተለጥፎ፣ ግማሹ ላይ ማኅተም አርፎበት። ዳይሬክተራችን ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። «ካሳሁን፣ ይኼ አንተ ነህ?» አለኝ። ፈተናው የሚሰጠው ደሴ ነበር፤ ተቆጣጣሪዎቹ ከሌላ ክፍለ ሀገር የሚመጡ የማያውቁን ሰዎች ናቸው። ባለፈው ዓመት ፊቱ ከፎቶው አልገጥም ያለ ልጅ፣ ለሰው ልትፈተን ነው የመጣኸው ተብሎ ከበር ተመልሷል። ከበር እንደተመለሰ ቤቱ አልደረሰም። ፎቶ መለወጥ ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩ፤ ማኅተም አርፎበታል። ዳይሬክተሩ ደብዳቤ ሊጽፍልኝ ፈለገ፣ ያ ልጅም ደብዳቤ ይዞ እንደነበር አስታወሰና ብዕሩን አስቀመጠ። ስለዚህ የቀረኝ አንድ መንገድ ነበር፤ ፎቶውን ወደ እኔ ማምጣት ካልተቻለ እኔ ወደ ፎቶው መሄድ አለብኝ። ከፈተናው በፊት ሦስት ወር ያህል ነበረኝ።

የከተማችን መድኃኒት ቤት ባለቤት ጡረታ የወጣ የጦር ሠራዊት ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ነበር። ነገሬን ሰምቶ አልሳቀብኝም። ግማሹ ቀይ ግማሹ ቢጫ የሆነ ቴትራሳይክሊን ካፕሱል በብልቃጥ ሰጠኝ፤ ጠዋትና ማታ በውኃ፣ ምግብ ሳትበላ፣ አንድ ቀን ሳታቋርጥ አለኝ። በውኃ ማለቱን በደንብ አስታውሳለሁ። ግን በእኛ አገር ኃይለኛ መድኃኒት በባዶ ውኃ ማን ይወስዳል? አንጀት ይቆርጣል፣ ሰው ያጠወልጋል፣ ማርከሻ ይፈልጋል። የሚያቆየው ወተት ነው። ይህን እናቴ ብቻ ሳትሆን ሐይቅ በሙሉ ያውቃል፤ የማያውቀው ድሬሰሩ ብቻ ነው። እኛ ላም አልነበረንም። እትዬ ዘሃራ ስትሰማ በማግስቱ ጠዋት፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ፣ በአጥሩ ሽንቁር ትኩስ ወተት በቆርቆሮ ኩባያ ይዛ ገባች። አረንጓዴ ኩባያ ነበር፤ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ተልጧል። ካፕሱሉን አፌ ውስጥ ስከት ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «ጠጣው የኔ ዓለም፣ አብሽር። አላህ ያውቃል፣ አንተን አይወስዱህም» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ጠዋት አልቀረችም። የማታውን እንኳን ከጠዋቱ ባስተረፍነው ወተት ነበር የምውጠው።

ሳምንት አለፈ፤ ሁለት አለፈ። ያስቀረኋትን ፎቶ በመስታወቴ ጠርዝ ላይ ሰክቼ በየጠዋቱ ሁለቱን ፊቶች አስተያያለሁ። ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ብጉሩ ጭራሽ አንገቴ ላይ ወርዷል። በዚያው ሰሞን፣ የቅበላ ገበያ ቀን ላይ፣ አፈሳ መጣ። እኔ ለእናቴ ጨው ልገዛ ወጥቼ ነበር። ሰው ወደ ሐይቁ ሸንበቆ ሲሮጥ እኔ አልሮጥኩም፤ ወረቀት አለኝ። ከሌላ ወረዳ የመጣ ሚሊሻ ወረቀቴን ተቀበለ። ፎቶውን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። የማነው ይኼ ወረቀት፣ ከማን ሰረቅከው አለኝ። የእኔ ነው ብዬ እንዴት ላስረዳው? ከጭነት መኪናው ላይ ሁለት የማውቃቸው ልጆች እያዩኝ ነው። ከኋላ የመጣው የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ለይቶኝ፣ ጎረቤቴ ነው፣ ወረቀቱም የእሱ ነው ብሎ ባያስለቅቀኝ በዚያ መኪና እሄድ ነበር። ይኸው ሰው ወረቀቱን ሲመልስልኝ በጆሮዬ «እዚህስ እኔ አወቅሁህ። ደሴ ማን ያውቅሃል?» አለኝ። ጨውን ሳልገዛ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ሁዳዴ ገባ። እናቴ ጿሚ ናት፤ እኔም ከልጅነቴ እጾማለሁ። ግን የንስሐ አባታችን ቄስ ነገሩን ሰምተው፣ ራሳቸው ቤታችን ድረስ መጥተው ፈቀዱ። ለመድኃኒት ማወራረጃ ነው፣ ለሕመምተኛ ክልክል አይደለም፣ ይጠጣ አሉ። እትዬ ዘሃራም እንደ ወትሮው ኩባያዋን ይዛ መጥታለች፤ ለመድኃኒት የሆነ ነገር እኛም ዘንድ ሐራም የለውም ብላ ቄሱን ደገፈቻቸው። ኩባያው በመካከላችን ቆሞ ይጨሳል። እናቴ ብድግ አለች። «አባቴ ይፍቱኝ። ልጄ አልታመመም፤ ብጉር ነው» አለች። ወደ ዘሃራም ዞረች፦ «ዘሃራ፣ ጾማችንን አታስፈርሺን። ይኼን ውሰጂው፤ እስከ ፋሲካ እንዳታመጪ።» ቄሱ ግራ ተጋብተው ከእኔ የባሰች ጿሚ ብለው ወጡ። እትዬ ዘሃራ ኩባያዋን አንስታ፣ እኔን አንዴ አይታ፣ በሽንቁሩ ተመለሰች።

ያን ቀን ለእናቴ የተናገርኩትን ዛሬም ስጽፈው ያሳፍረኛል። ቄስ የፈቀደውን የምትከለክይ አንቺ ማን ነሽ አልኳት። አንድ ኩባያ ወተት ነፍሴን ሊያተርፍ ይችላል፣ አንቺ ግን ለጽድቅሽ ታስቢያለሽ አልኳት። ያም አልበቃኝም። «ሰይድን ወስደውታል። እኔንም ሲወስዱኝ ጾምሽን ታቅፈሽ ቁጭ በይ!» አልኳት። አላለቀሰችም። «በውኃ ዋጠው» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ካፕሱሉን በውኃ ዋጥኩ፤ አንጀቴ እስኪቆረጥ ጠበቅኩ። አልተቆረጠም። ከእናቴ ጋር ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ አልተነጋገርኩም፤ ሽሮዬን አቅርባልኝ ትሄዳለች፣ በልቼ እወጣለሁ።

በጾሙ አራተኛ ሳምንት፣ ደብረ ዘይት አካባቢ መሆን አለበት፣ መስታወቱ ፊት ስቆም አገጬ ላይ የነበረው ትልቁ ጠፍጥፏል። የመብራት ነገር መሰለኝ፤ ደጅ ወጥቼ አየሁት። እውነትም ጠፍጥፏል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንዱ ይሟሽሻል፣ ሌላው ይደርቃል፣ አዲስ አይወጣም። ሆሳዕና ላይ ጉንጬን በእጄ ስዳብስ ለስላሳ ነገር አገኘሁ፤ ጥቁር ጥቁር ምልክት ብቻ ቀርቷል። ፋሲካ ሲደርስ ፎቶውን ከመስታወቱ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ጎረቤቱ ሁሉ የግሸን ማርያም ሥራ ነው አለ። እኔ የለም፣ ካፕሱሉ ነው አልኩ። እናቴ ይሄንንም ያንንም ሳትል ዝም አለች።

ደሴ፣ የፈተናው አዳራሽ በር ላይ፣ በሁለት ረድፍ ቆመናል። ከፊቴ ሦስተኛ የነበረውን ልጅ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ጎን አቆሙት፤ ለምን እንደሆነ አላወቅሁም። ልጁ ለሚያየው ሁሉ የአባቱንና የአያቱን ስም ደጋግሞ ይናገራል። ተራዬ ደረሰ። መነጽር ያደረገ፣ ካኪ የለበሰ ተቆጣጣሪ ነበር። አውራ ጣቱን ፎቶዬ ላይ አሳርፎ ጉንጬን አየ። አገጬን አየ። ወደ ብርሃኑ ዙር አለኝ፤ ዞርኩ። አንድ ጥቁር ምልክት ላይ ዓይኑ ቆመ።

«ከስተሃል» አለኝ።

«ሁዳዴ ነበር» አልኩት።

ከዚያ ወረቀቱን መለሰልኝና «ግባ» አለኝ።

አለፍኩ፤ ተማርኩ፤ መምህር ሆንኩ። ሰይድ አልተመለሰም። ከስንት ዓመት በኋላ አንድ የመርዶ ወረቀት መጣ፤ እትዬ ዘሃራ አላመነችውም፤ እስክትሞት ድረስ ከሰሜን የሚመጣ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር በር ላይ ትወጣ ነበር። እኔ ደግሞ ይህን ታሪክ በሠርጉም በክርስትናውም እያወራሁ ሰው አስቅበታለሁ። እናቴ ለጾም ስትል ልትሸጠኝ ነበር፣ ካፕሱሉ ባያወጣኝ ኖሮ እላለሁ። እሷ እዚያው ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ቀልድ ነው። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ስትናገር ክው ያልኩት ለዚህ ነበር። እናቴ እንቢ ባትል፣ ያንን ወተት እስከ ፈተናው ቀን እየጠጣሁ፣ እንደ ልማዴ ፊቴን በብጉር ሞልቼ ከዚያ መነጽራም ፊት እቆም ነበር።

ቅዳሜ ሰላምን ይዤ ሐይቅ ሄድኩ። እናቴ ዓይኗ ደክሟል፣ አእምሮዋ ግን እንደ ድሮው ነው። ጉልበቷ ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ወተቱ መድኃኒቱን ሲያስር እንደነበር፣ ጾምሽ ነው ያተረፈኝ፣ ለተናገርኩሽም ለቀለድኩብሽም ይቅር በዪኝ አልኳት። እጇን ራሴ ላይ አደረገች።

«ጾሙ አይደለም» አለች። «የዘሃራ ላም ልትነጥፍ ደርሳ ነበር፤ የምትሰጣት ያቺኑ አንድ ኩባያ ነው። ትንንሾቹ ጥቁር ሻይ በቂጣ ነበር የሚጠጡት። አጥሩ ሥር ቆሜ ሰምቻለሁ። አሕመድ፣ ያ ሕፃኑ ልጇ፣ ለእኔስ ሲላት፣ ዝም በል፣ ሰይድን ወስደውብኛል፣ ካሳሁንን አይወስዱትም ትለዋለች። እንዴት አድርጌ አትምጪ ልበላት? እጇን ልመልስባት? ሁዳዴ ሲገባ፣ እግዜር ራሱ ምክንያት ላከልኝ አልኩ። ቄሱ ናቸው መጥተው ሊያበላሹብኝ የነበሩት።»

«ለእኔ እንኳን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«አፍህ ክፍት ነው። ሄደህ ትነግራት ነበር።» ቀጥላ፣ ጨርቋን እያፍተለተለች፣ «ወተቱ ነው ያበላሸው አልክ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «አሕመድ እንዳይሰማ» አለች። «እናቱ ካሳሁንን ያዳነው ያ ወተት ነው እያለች ነው ያሳደገችው። የተራበው እሱ ነው።»

አሕመድ ዛሬ ጢሙ ሸብቷል፤ እናቱ ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ላሞች አሉት። ማታ በአጥሩ በኩል እንደምን አመሻችሁ ሲለን የሰላምን ፊት አየና ምን እንደነካት ጠየቀ። ብጉር ነው፣ ካፕሱል ጀምራለች አልኩት።

«ታዲያ ምን ቸገራችሁ?» አለ እየሳቀ። «አንተንስ ያዳነህ የእኛ ላም አይደለች? ጠዋት ወተት አመጣላታለሁ።»

«አምጣላት» አልኩት። «እውነትህን ነው፤ ያዳነችኝ እሷ ናት።»

ሲነጋ ራሱ ይዞ መጣ፤ በትልቅ ኩባያ፣ አረፋው ገና ሳይከስም። ሰላም ልትናገር አፏን ስትከፍት በዓይኔ ያዝኳት። እሱ በሽንቁሩ ተመልሶ ሲሄድ ካፕሱሏን በውኃ ዋጠች። ወተቱን እኔ ጠጣሁት፤ እስከ ታች።